ኮድ አያስፈልግም ማለት ማወቅ አያስፈልግም ማለት አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። የሚቆጣብኝ ይኖራል። ይቆጣ። እኔም ተቆጥቼ ነው የምጽፈው፤ ከምቆጣባቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ ራሴ ነኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለና «ቲቸር፣ ሥራ አገኘሁ!» አለኝ። አንድ የግል ማሠልጠኛ የተማሪዎቹን ውጤት በዌብሳይት ማሳየት ፈልጎ ቀጥሮታል። ልጁ በቴሌግራም የሚሸጥ «ያለ ኮድ በ30 ቀን» የሚል ኮርስ ወስዷል፤ ሰርተፊኬትም አለው። የተማረውን ሥራ ላይ አዋለ። ውጤቱን ጉግል ቢግኩዌሪ ላይ ጫነ፣ በሜክ አሻገረ፣ በዌብፍሎው በሠራው ዌብሳይት ላይ አወጣ። ከኮርሱ ከገለበጣት አንዲት የኤስኪውኤል መስመር በቀር ኮድ የሚባል ነገር አልነካም። ሁለት ቀን ነው የፈጀበት። እኔም ደስ ብሎኝ በዚሁ ገጽ «ልጄ ኮራሁብህ» ብዬ ለጠፍኩለት። ብዙዎቻችሁ ላይክ አድርጋችሁለታል። ያ ፖስት አሁንም አለ፤ አላጠፋሁትም።

በአራተኛው ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነው። «ቲቸር፣ ነገር ተበላሽቷል። ምን እንደሆነ አላውቅም» አለኝ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ያለፈች ልጅ ወድቃለች ተብሎ ወጥቷል። አባቷ ያዩት በጎረቤት ስልክ ላይ ነው። ልጅቷ ሁለት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ውጤታቸው ጭራሽ ያልወጣ ልጆች አሉ። የወጣላቸውም ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ተዘርዝረዋል። መምህራኑ በማግስቱ ያረሙት ማርክ ገጹ ላይ አልታረመም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ሴት ተማሪዎች ስልክ ላይ የማያውቋቸው ወንዶች መደወል ጀመሩ። ቁጥሩን ከየት አገኙት? ከዌብሳይቱ።

ልጁን አልሰደብኩትም። ሌሊቱን አብረን ቁጭ ብለን ገጹን አወረድነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። ልጁ የተማረውን አንድም ሳያጎድል ነው የሠራው። ጥፋቱ ኮርሱ ያልነገረው ነገር ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ ወዳጆቼ በሚገባን ቋንቋ ላስረዳ። እዚህ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጎተራው ነው፤ ቢግኩዌሪን የመሰሉ ትልልቅ የዳታ መጋዘኖች ማለቴ ነው። ሁለተኛው የሱቁ መስኮት ነው፤ እንደ ዌብፍሎው ያሉ፣ ያለ ኮድ ዌብሳይት የሚሠራባቸው አገልግሎቶች። ሦስተኛው ተሸካሚው ነው፤ ከጎተራው ወስዶ መስኮቱ ላይ የሚያስቀምጠው። ዛፒየር፣ ሜክ፣ ኤንኤይትኤን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ክብ ክብ ነገሮችን በአይጥ እየጎተታችሁ በመስመር ታያይዛላችሁ፤ አለቀ። ተሸካሚው ጎበዝ ነው፣ አይደክመውም፣ ሌሊትም ይሠራል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ አይጠይቅም። ጤፍ ብታሸክሙት ጤፍ፣ የአይጥ መርዝ ብታሸክሙት የአይጥ መርዝ መስኮቱ ላይ ደርድሮ ይመለሳል። መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። «ኮድ አያስፈልግም» ብለው የሚሸጡላችሁ ሰዎች ይህን መጠየቅ ከኮርሱ ቆርጠው አውጥተውታል። የምቆጣው በዚህ ነው።

አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጎተራው ለምን አስፈለገ የሚለው ነው። የማሠልጠኛው ተማሪዎች ወደ 340 ናቸው። 340! ጉግል ቢግኩዌሪን በ2010 ለዓለም ሲያስተዋውቅ ለቢሊዮን ረድፎች ብሎ ነው የሠራው። 340 ሰው አንድ የጉግል ሺት ገጽ ላይ ተዘርዝሮ ቦታ ይተርፋል። ሺቱን ከዌብሳይቱ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ሲበላሽም የማሠልጠኛው ጸሐፊ ራሷ ከፍታ ታየዋለች። ታዲያ ለምን ቢግኩዌሪ? ሰርተፊኬቱ ላይ ቢግኩዌሪ ስለሚል ነዋ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ጎተራው የራሱ ደንብ አለው፤ ደንቡን ሳያውቁ መግባት ዋጋ ያስከፍላል። ቢግኩዌሪ የሚያስከፍለው ባወጣችሁት ረድፍ ብዛት ሳይሆን ለማውጣት ባነበበው ዳታ መጠን ነው። የሚያነበው ደግሞ በአምድ በአምድ ነው። ስለዚህ «ሴሌክት ስታር» ብላችሁ ሁሉንም አምድ ስትጠሩ ሁሉንም ያነባል። መጨረሻ ላይ «ሊሚት 10» ብትጨምሩም በተለመደው ሠንጠረዥ ላይ ሒሳቡ አይቀንስም፤ ያነበበውን አንብቧል። በወር የመጀመሪያው 1 ቴራባይት ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ አሜሪካ ባሉት ማዕከላት ለአንድ ቴራባይት 6.25 ዶላር ነው። ለ340 ተማሪ ይህ ምንም አይደለም፣ አምናለሁ። ነገ ግን ትልቅ ድርጅት ስትገቡ፣ 200 ጊጋባይት የሆነን ሠንጠረዥ በየሰዓቱ ሙሉውን እንዲያነብ አድርጋችሁ ብትተኙ፣ በወሩ መጨረሻ ወደ 870 ዶላር ይመጣል። ራሳችሁ አባዙት፤ 200 በ24 በ30። ይህ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ኮርሱ ላይ ግን የለም።

ሌላም አለ። የባንክ ካርድ ችግር ስላለብን ብዙዎቻችሁ የምትለማመዱት በቢግኩዌሪ ነፃ መለማመጃ፣ በሳንድቦክሱ ነው። ለመማር በጣም ጥሩ ነው፣ ካርድ አይጠይቅም። ግን እዚያ ያስቀመጣችሁት ሠንጠረዥ በ60 ቀን ውስጥ ይጠፋል። ረድፍ ማረምና መሰረዝም በኤስኪውኤል አይፈቅድም። የሰው ማሠልጠኛ መዝገብ እዚያ ላይ አስቀምጦ «ሥራ ጨርሻለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁለተኛው የቁልፍ ጉዳይ ነው። ያቺ ልጅ ለምን ወደቀች ተባለ? ማሠልጠኛው ሁለት መዝገብ ነበረው። አንዱ የምዝገባ ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ መለያ ቁጥር ያለበት። ሌላው መምህራኑ ያስረከቡት የማርክ ዝርዝር ነው፤ ስምና ማርክ ብቻ። የተገለበጠችው የኤስኪውኤል መስመር ሁለቱን በስም ነው ያገናኘቻቸው። ማሠልጠኛው ውስጥ ደግሞ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ልጆች አሉ። ሁለት በሁለት አራት ነው። ማሽኑ ለእያንዳንዷ ልጅ ሁለቱንም ማርክ ሰጥቶ አራት ረድፍ አወጣ። አባትየው የልጃቸውን ስም ሲፈልጉ መጀመሪያ የመጣላቸው የሌላኛዋ ማርክ ነው።

እኛ አስተማሪዎች ይህን እናውቀዋለን እኮ! ሮስተር የሞላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ልጆች ስላሉ ነው ተራ ቁጥርና መለያ ቁጥር የምንጽፈው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። የአያት ስም ብንጨምርም ሁልጊዜ አይለይም። አጻጻፉስ? ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሀይ። ለኛ አንድ ሰው ናት፤ ለማሽኑ አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዌብፍሎው ለገጽ አድራሻ የሚፈልገው የላቲን ፊደልና ቁጥር ስለሆነ ስሙ ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጻፈ፤ ያኔ ደግሞ ባሰ። ታደሰን ጸሐፊዋ በአንድ ኤስ፣ መምህሩ በሁለት ኤስ ጻፉት። አልተገናኙም። ውጤታቸው ጭራሽ ያልወጣው ልጆች እነዚህ ናቸው። ማሽኑ «እነዚህን አላገኘኋቸውም» ብሎ አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ጣላቸው።

ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ይሄኛውን የውጭ ኮርስ ተርጉሞ የሚሸጥላችሁ ሰው በፍጹም አይነግራችሁም፤ ምክንያቱም የውጭው ኮርስ ላይ የለም። ማሠልጠኛው ቀን የሚጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 የሚለውን በቁጥር አድርጋችሁ ዓመት 2017፣ ወር 2፣ ቀን 30 ብላችሁ ስትጭኑት ቢግኩዌሪ አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለማ። ጳጉሜንማ አታንሱት፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ይሄ ቢያንስ ይጮሃል፤ ስህተት ብሎ ይነግራችኋል። የሚያስፈራው የማይጮኸው ነው። ጥር 12 ቀን 2017ን ዓመት 2017፣ ወር 5፣ ቀን 12 ብላችሁ ብትሰጡት በደስታ ይቀበላችኋል። እናንተ የሰጣችሁት በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው፤ እሱ የያዘው ሜይ 12 ቀን 2017 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ማንም አላወቀም። ሰዓቱም እንደዚያው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲሠራ ብላችሁ 3 ብትሞሉ፣ ቢግኩዌሪ የጊዜ ሰሌዳውን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ የኛ 3 ሰዓት ለሱ 6 ነው። ተማሪዬ በቀን ዓምዱ ሲቸገር ምን አደረገ? ዓምዱን ወደ ተራ ጽሑፍ ቀየረው። ስህተቱ ጠፋ። እውነቱም አብሮ ጠፋ፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ሲደረደር 10 ከ2 በፊት ነው የሚመጣው።

አራተኛው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ የተዘረዘሩበት ምክንያት ነው። ኮርሱ ያስተማረው አንድ ክብ ብቻ ነው፤ «አዲስ ፍጠር» የሚለውን። በየሰዓቱ እንዲሠራ ተደረገ። በመጀመሪያው ሰዓት 340 ምናምን ገጽ ፈጠረ። በሁለተኛው ሰዓት ደግሞ 340 ምናምን አዲስ ፈጠረ። ለምን አይፈጥር? ፍጠር ነው የተባለው! ነፃው የሜክ አገልግሎት በወር 1,000 ክሬዲት ነው የሚሰጠው፤ አንዱ እርምጃ አንድ ይበላል። በሦስተኛው ዙር መሀል 1,000 ሞላና ቆመ። ለወሩ አለቀ። መምህራኑ በማግስቱ ያረሙት ማርክ ጎተራው ውስጥ ገብቷል፤ ተሸካሚው ግን ተኝቷል። ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ተልኳል። ኢሜይሉ የማን ነው? ከማሠልጠኛው የለቀቀ ሠራተኛ!

ገንዘብ ተከፍሎበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ነበር። ዌብፍሎው እንደ ከፈላችሁበት ደረጃ በደቂቃ 60 ወይም 120 ጥያቄ ነው የሚቀበለው። ከዚያ በላይ ስትልኩ 429 የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ «አበዛችሁት፣ ቆዩ» ማለት ነው። ሲመለስ ምን ይደረግ የሚለውን ካላዘጋጃችሁ የተመለሰው ረድፍ ተመልሶ ቀረ።

አምስተኛው ስልኩ ነው፤ ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። ሴሌክት ስታር ማለት ሁሉንም አምድ አምጣ ማለት ነው። ስልክ ቁጥርም መጣ። ልጁ ገጹ ላይ ስልክ እንዳይታይ ፈልጎ ነበር፤ «ደብቄዋለሁ እኮ ቲቸር» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በዲዛይን ደብቆታል። በዲዛይን የተደበቀ ነገር ግን ለዓይን ነው የተደበቀው፤ ከገጹ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ የሚከፍት ሰው ያየዋል። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ነው። ዌብፍሎው ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ገጽ ከነአድራሻው ያዘጋጃል። ልጁ አንድ ዝርዝር የሠራ መስሎት ወደ ሺህ የሚጠጋ ገጽ ለዓለም ከፍቷል። መስኮቱ ላይ መጋረጃ አድርጎ በሩን ክፍት ነው የተወው።

ልጆች፣ ስምና ስልክ የግል ዳታ ነው። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። «አላወቅኩም ነበር» የሚለው ነገ ፍርድ ቤት የሚያዋጣ አይመስለኝም። ሕጉ ባይኖርስ? የሰው ልጅ ናት እኮ! እህታችሁ ብትሆንስ?

አሁን ወደ ኮርስ ሻጮቹ ልምጣ። ስም አልጠራም፤ አንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ መጥራቱም አይጠቅምም። ቪዲዮውን ታውቁታላችሁ። ላፕቶፕ፣ ቡና፣ የዶላር ስክሪንሾት። «ኮድ አያስፈልግም፣ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም፣ በ30 ቀን ለውጭ ድርጅት ትሠራለህ።» በቴሌብር ላኩ፣ ግሩፑ ውስጥ ትገባላችሁ። የሚያስተምሩበት ዳታ ሁልጊዜ ንጹህ ነው። አሥር ረድፍ ያለው የቡና ቤት ሽያጭ፣ ሁሉም መለያ ቁጥር ያለው፣ ቀኑ በፈረንጅ፣ ስሙ ሁሉ የተለያየ። መስመሩ ሲዘረጋ አረንጓዴ ምልክት ይበራል፤ ጭብጨባ። እውነተኛው ዓለም ውስጥ ግን ከቢሮ የሚሰጣችሁ ኤክሴል፣ ሴሎቹ የተጣበቁ፣ ብርቱካናማ የተቀባው ረድፍ «ክፍያ ያልጨረሰ» ማለት የሆነ፣ ይህንንም ከጸሐፊዋ በቀር ማንም የማያውቀው ፋይል ነው። ወደ ጎተራው ስትጭኑት ቀለሙ ይቀራል። ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ አብሮ ይቀራል። አረንጓዴ ምልክቱ ግን ይበራል! አረንጓዴ ማለት «ደርሷል» ማለት ነው፤ «ትክክል ነው» ማለት አይደለም።

ተማሪዬ በዚያ ሌሊት የኮርሱ ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን አጠፉበት። ለአዲስ ገቢዎች መጥፎ ስሜት ይፈጥራል ተብሎ። ይህን ሲነግረኝ ነው ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት።

የሚመጣልኝን መልስ አውቃለሁ፤ ቀድሜ ልመልስ።

«ቲቸር፣ አንተ በዲፕሎማህ ማንን ነው የምትተቸው?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ለዚያም ነው ነገሩ የሚያሳፍረው፤ እኔ በዲፕሎማ የማውቀውን እነሱ በሺህ ብር ኮርስ ውስጥ አላስገቡትም።

«ሁሉም ሰው ፕሮግራሚንግ መማር አይችልም፤ እነዚህ መሣሪያዎች በር ከፍተዋል» የሚልም አለ። እስማማለሁ! መሣሪያዎቹን አልጠላቸውም። እኔ ራሴ የወላጆች ስብሰባ መጥሪያን ከጉግል ፎርም ወደ ሺት፣ ከሺት ወደ ቴሌግራም አገናኝቼ እጠቀማለሁ፤ በወር 100 እርምጃ ነፃ የሚሰጠው ዛፒየር ለኔ ይበቃኛል። ኤንኤይትኤንን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ያለ ክፍያ መለማመድ ትችላላችሁ። በሩ ተከፍቷል። እኔ የምለው፣ በር ከፍቶ የሚያስገባ ሰው ከበሩ በስተጀርባ ደረጃ እንዳለ ይንገር ነው። መንግሥት የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ውስጥ እንኳ የዳታ ትምህርት በነፃ አለ። ገብታችሁ ተማሩ። ሰርተፊኬቱን ለፕሮፋይል ሥዕል ብቻ አታውጡት።

«አሁን ኤአይ አለ፣ እሱ ይሠራዋል» ትሉኛላችሁ። ኤስኪውኤሉንማ ከኔም ከናንተም ፈጥኖ ይጽፈዋል። ግን ማሠልጠኛው ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች እንዳሉ ማን ነገረው? ቀኑ በኛ አቆጣጠር መሆኑን፣ ብርቱካናማው ምን ማለት እንደሆነ ማን ነገረው? ካልነገራችሁት አያውቅም። ለመንገር ደግሞ መጀመሪያ እናንተ ማወቅ አለባችሁ።

«ከስህተት ነው የሚማረው» የሚለውን በጣም እወደዋለሁ፣ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምለው ነው። በማን ላይ ነው የምትሳሳቱት? ጥያቄው እሱ ነው። በራሳችሁ አምስት የውሸት ረድፍ ላይ መቶ ጊዜ ተሳሳቱ። በሰው ልጅ ማርክና ስልክ ላይ ግን አይሆንም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሆናል ነገሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መስመር ከመጎተታችሁ በፊት እነዚህን በእስክርቢቶ ጽፋችሁ መልሱ።

አንድ፤ ይህ ዳታ ስንት ረድፍ ነው? ሺት ከበቃው ሺት ይበቃዋል።

ሁለት፤ አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው የትኛው አምድ ነው? መልሳችሁ «ስም» ከሆነ ተነሡ፣ ወደ ቢሮው ሄዳችሁ መለያ ቁጥር አስጨምሩ። ቁጥር እስኪኖር ሥራው አይጀመርም።

ሦስት፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ጎተራው ከመግባቱ በፊት ወደ አንድ አቆጣጠር ለውጡት። የኛው ቀን ገጹ ላይ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ለብቻው በጽሑፍ አምድ ያዙት፤ መደርደሪያው ግን የተለወጠው ይሁን።

አራት፤ ከአምዶቹ ውስጥ አደባባይ ላይ ቢለጠፍ ማንም የማይጎዳበት የትኛው ነው? እሱን ብቻ የያዘ ሌላ ሠንጠረዥ ወይም ቪው አዘጋጁ፤ ተሸካሚው ቁልፍ የሚያገኘው ለሱ ብቻ ይሁን። ማንበብ እንጂ መጻፍ አትፍቀዱለት። የሌለውን ነገር ሊያወጣ አይችልም። ማርክን በተመለከተ ደግሞ የኔ ሐሳብ፣ ከነጭራሹ በስም አደባባይ አታውጡት። ለእያንዳንዱ ልጅ ለራሱ በመልእክት ይላክለት። ውጤት የግለሰብ ነው፤ የሰፈር አይደለም።

አምስት፤ ይህ ነገር ሁለት ጊዜ ቢሠራ ምን ይሆናል? መልሱ «ምንም አይለወጥም» ካልሆነ አልጨረሳችሁም። መጀመሪያ ፈልግ፣ ካለ አድስ፣ ከሌለ ፍጠር፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ዌብፍሎው ለእያንዳንዱ ገጽ የሚሰጠውን መለያ ከተማሪው ቁጥር ጎን መዝግቡት። ከባለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ላኩ፤ ክሬዲታችሁም አያልቅም፣ 429ም አይመጣባችሁም።

ስድስት፤ ሲቆም ማን ያውቃል? በሕይወት ያለ፣ ኢሜይሉን የሚከፍት ሰው ይሁን። ጎተራው ውስጥ ያለውና መስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር እኩል መሆኑን በቀን አንድ ጊዜ የሚቆጥር ነገር አስቀምጡ። 340 ገብቶ 1,000 ከወጣ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መቁጠር ነው።

እነዚህ ስድስቱ ውስጥ አንድም የኮድ መስመር የለም። አያችሁ? ኮድ አያስፈልግም የሚሉት እውነታቸውን ነው። ያልነገሯችሁ፣ ሥራው መጀመሪያውኑ ኮዱ አለመሆኑን ነው።

ለማሠልጠኛና ለድርጅት ባለቤቶችም አንድ ቃል። ልጁን የቀጠራችሁት ርካሽ ስለሆነ ነው። ርካሽ መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ ሥራውን ግን ማንም ሳያየው ለሕዝብ መክፈታችሁ ጥፋት ነው። የሕንፃ ቁልፍ ከመረከባችሁ በፊት ቧንቧውን ከፍታችሁ ታያላችሁ አይደል? ዌብሳይትም ከመከፈቱ በፊት አሥር ተማሪ ጠርታችሁ «የራስህን ውጤት ፈልግና አሳየኝ» ማለት ግማሽ ሰዓት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ለኔና ለመምህራን ጓደኞቼ ደግሞ ከሁሉ የበለጠው ወቀሳ ይድረሰን። ልጁ ሥራ ሲያሳየኝ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩትም። «በምን ነው ያገናኘሃቸው?» ብል ኖሮ «በስም» ይለኝ ነበር፤ ያኔ ነገሩ በሻይ ሰዓት ያልቅ ነበር። እኔ ግን አጨበጨብኩ። ልጆቻችን የሚመሰገኑበት ብዙ ቦታ አላቸው፤ ከአስተማሪ የሚፈልጉት ጥያቄ ነው። ያንን ነፍጌዋለሁ።

ተማሪዬ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ስሙን ለማወቅ የምትሞክሩ ካላችሁ ተዉት። ማሠልጠኛው አሰናብቶታል። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ቤት ድረስ ሄዶ አባቷን ይቅርታ ጠይቋል። ብቻውን ነው የሄደው፤ እኔ በኋላ ነው የሰማሁት። አባትየው ሻይ አፍልተው ተቀብለውታል። አሁን የተማሪዎቹን መዝገብ በመለያ ቁጥር እንደ አዲስ እያስተካከለ ነው፣ ያለ ክፍያ፣ በራሱ ጥያቄ። ኮርሱን የሸጠለት ሰው ግን በዚህ ሳምንትም አዲስ ዙር ምዝገባ ከፍቷል።

እኔ ደግሞ ይህን አስቤያለሁ። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ነኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይህን ሥራ የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ኑ። ክፍያ የለም፣ ሰርተፊኬትም የለም። የምንጀምረው በአሮጌ ሮስተር ነው፤ ስሞቹን ሸፍኜ አመጣዋለሁ። ኮምፒውተር አታምጡ። ደብተርና እስክርቢቶ ይበቃል።

ቸር ይግጠመን።